ውሃ የማያስገባው ካሜራ

ሰውየው ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ አንሺ ሲባል ታዲያ ተራራ ለተራራ የሚንከራተት፣ በረሃ የሚያቋርጥ እንዳይመስላችሁ። ሥራው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለተማሪ ካርድ። ፎቶ ቤቱ በመድኃኒት መደብርና በጸጉር ቤት መሃል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። መስኮት የላትም፤ ነፋስ አይገባባትም፤ ዝናብ የሚባል ነገር በወሬ ብቻ ነው የምታውቀው። አንድ በርጩማ፣ ከበርጩማው ጀርባ ሰማያዊ ጨርቅ፣ እንዳይሰረቅ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ሳያስር ለመጣ ደንበኛ የሚዋስ አንድ ከረቫት። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በዚያ አንድ ከረቫት ነው መታወቂያ ያወጣው።

በዚህች ክፍል ውስጥ በሦስት እግሩ የቆመው ካሜራ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጎርፍ ቢመጣ ግድ የለውም፣ የአሸዋ ማዕበል አይበግረውም፣ በረዶ ውስጥ ቢቀብሩት ከሳምንት በኋላ ተነስቶ ይሠራል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ባለቤቱ ነው። ደንበኛው አገጩን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀ እሱ ስብከቱን ይጀምራል። "እያንዳንዷ መጋጠሚያው በጎማ የታሸገች ናት። አዝራሮቹ ሥር ሳይቀር ጎማ አለ። ግን ልብ በል! ካሜራው ታሽጎ ሌንሱ ካልታሸገ ዋጋ የለውም። ሌንሱም ታሽጎ ፊቱ ላይ ማጣሪያ መስታወት ካልገባለት..." ደንበኛው ምን ያድርግ? የመጣው ለመንጃ ፈቃድ ነው። ፎቶው ሲወጣ ፊቱ የቀላው ለዚያ ነው።

ሰፈሩ "ላስቲኩ" ብሎ ስም አወጣለት። እጁ የነካውን ሁሉ በላስቲክ ስለሚጠቀልል ነው። ስልኩ በላስቲክ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ፣ የቤቱ ቁልፍ ሳይቀር በላስቲክ። ጫማ ቤት ለጫማ ቤት እየዞረ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ይለምናል። ሲራመድ ኪሱ ከሩቅ ይንኮሻኮሻል። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ ካሜራውን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዱቄት በወንፊት ሲነፋበት ደረሰችበት።

"ምን እየሠራህ ነው አንተ ሰው?"

"የአቧራ ፈተና ነው።"

"ዱቄቴን!"

"ዱቄትና የበረሃ አቧራ በልመታቸው ይቀራረባሉ" አለ፤ ዓይኑን ከወንፊቱ ሳያነሳ።

አንጀቷ ቅጥል አለ። በማግስቱ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ የዝናብ ልብስ ቁራጭ ይዞላት መጣና ለካሜራው ካፖርት ስፊልኝ አላት። ሰፋችለት፤ እጅጌ ያለው፣ ኮፍያ ያለው፣ አንገቱ ላይ የሚታሰር። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ስትጨርስ "ለእኔም እንዲህ ያለ የለኝ" አለች። እሱ ግን የሰማት አይመስለኝም። ካሜራውን እያለበሰ ነበር።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለማን ነው ብትሉት "ለአባቴ" ነው የሚላችሁ። አባትየው የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከእናታቸው ማህፀን ከወጡት ውስጥ በሕይወት የቀረቻቸው አንዲት ታላቅ እህት ናት። እሷም በልጅነቷ ተድራ ቆላ ወረደች፤ ሐይቅ ዳር፣ ሙቀቱ ብረት የሚያቀልጥ፣ አቧራው ሰው የሚውጥ፣ ዝናቡ ሳይታሰብ ዱብ የሚል ቦታ ነው። ዛሬ ነገ ሲባባሉ ሁለቱም አረጁ። አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም።

የአባትየው ዓይን መድከም ሲጀምር ሐኪሙ እቅጩን ነገራቸው። እየባሰ ነው የሚሄደው፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ከሐኪም ቤት ወጥተው በቀጥታ ወደ ልጃቸው ክፍል ሄዱና በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ እህቴ ጋ ውሰደኝ። ዓይኔ ሳለ ልያት። አንተ ደግሞ ትልቅ አድርገህ አንሳትና አልጋዬ ፊት ለፊት ስቀልልኝ። እስከምችለው አያታለሁ።"

"በደስታ፣ አባዬ! ምን ገዶኝ!" አለ ላስቲኩ። ቀጥሎ ግን ካሜራውን አየት አደረገ። ያኔ የነበረው አሮጌው ነው። "በዚህ ግን አይሆንም። አቧራው በአንድ ቀን ይገድለዋል።"

እናም ምርጫ ተጀመረ። አቤት ምርጫ! ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይመረጥም። ከሥራ ሲገባ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ አንድ ጺማም ሰውዬ ካሜራውን በባልዲ ውሃ ሲያጠምቀው ያያል፤ ሌላው ሲያጣጥለው ያያል፤ እሱም በሁለቱ መሃል ገብቶ ይከራከራል። በመጀመሪያው ዓመት ካሜራው ተገኘ፤ ሌንሱ ግን ያልታሸገ ሆነ። በሚቀጥለው ሌንሱ ተገኘ፤ ቦርሳው ውሃ ያሳልፋል ተባለ። ቦርሳው፣ የሰማይ ስባሪ የሚያክል ቦርሳ፣ ሲመጣ ደግሞ "አሁን የአቧራው ወቅት ነው፤ ትንሽ ይለፍ" አለ። አቧራ የማያስገባ ካሜራ ገዝቶ አቧራው እስኪያልፍ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ይኸው እሱን።

ሚስቱ ነገሩ ገብቷት ነበር። "እኔ በአውቶቡስ ልውሰዳቸው። በስልኬም አነሳቸዋለሁ፣ ምን ችግር አለው?" አለችው።

"በስልክ?" ጮኸ። "እኔ እያለሁ የአባቴ እህት በስልክ ትነሳ? ሰው ምን ይለኛል?" ከዚያ አኮረፈ። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አባትየውም ልጃቸው እንዳይከፋው "ተይው ልጄ፣ ይዘጋጅ። ሲዘጋጅ ይወስደኛል" አሏት። በዚያ ጊዜ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ከዚያ ርዕሱን ብቻ ማንበብ ቻሉ። ከዚያ ደግሞ ጋዜጣውን ለምራታቸው እየሰጡ "እስቲ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ" ይሉ ጀመር። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር። ምራትየው ታነብላቸዋለች። ላስቲኩስ? ላስቲኩ በዚያን ሰሞን ካሜራውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር። የአባቱን ዓይን የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም።

በመጨረሻ "ተዘጋጅቻለሁ" አለ። እሰይ! ከሚስቱ ወንድም መኪና ተዋሰ። የኋላውን መቀመጫ ግማሽ ቦርሳው ያዘው፤ ሚስቱ በቀረው ግማሽ ላይ ተቆራምዳ ተቀመጠች። አባትየው ከፊት ሆኑ። ወደ ቆላው ሲወርዱ ላስቲኩ የመኪናውን ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሙቀት ባትሪ ይጎዳል፣ ሙቀት የካሜራ ጎማ ያላላል። ከመስኮቱ ውጭ ፍየሎች ጥላ ፍለጋ ድንጋይ ሥር ተወሽቀዋል፤ ከመስኮቱ ውስጥ አባትየው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይንቀጠቀጣሉ።

"ልጄ፣ ቆላ ነው አይደል የምንሄደው?" አሉ።

"ቆላ ነው፣ አባዬ።"

"አይ፣ መንገድ የተሳሳትክ መስሎኝ ነው።"

"እባክህ ቀንስልን፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነው" አለች ሚስቱ ከኋላ።

"ትንሽ ቻሉ። ካሜራው ይሞቀዋል።"

ካሜራው ይሞቀዋል! እንግዲህ ይህ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ሲሰብክ የኖረው ምን መሰላችሁ? "ከቀዝቃዛ ቦታ አውጥተህ ሙቅ አየር ላይ ካሜራ ድንገት አትክፈት፤ መስታወቱ ላብ ይይዘዋል፤ ቦርሳው እንደተዘጋ ቆይቶ ይሙቅ" እያለ ነው። ጸጉር ቆራጩ እንኳ በቃሉ ይወጣዋል። ያን ቀን ግን ጓጓ። ገና መኪናውን እንዳቆመ ካሜራውን ከቦርሳው አወጣ፤ ካፖርቱን አለበሰ፤ ክዳኑን ከፈተ።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ፊት ለፊት ሰፊ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ ሐይቁ፤ በበሩ በስተግራ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። አክስትየው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ እጃቸው ግንባራቸው ላይ። መኪናው ሲከፈት ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

"ማሙሽ! ማሙሽዬ! መጣህልኝ?"

ማሙሽ የተባሉት ጡረተኛው ሹፌር ናቸው። ምርኩዛቸውን እንኳ መኪናው ውስጥ ረስተው "እትዬ! እትዬ!" እያሉ ወደ ድምፁ ቀጥ ብለው ሄዱ። ተቃቀፉ። አባትየው የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ከግንባር እስከ አገጭ ዳበሱት፤ ደግመው ዳበሱት። አክስትየው ጮክ ብለው አለቀሱ። ሚስትየው መኪናው በር ላይ ቆማ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ዕድሜ ሙሉ የተጠበቀው ነገር ይኸው ሆነ፣ አለፈም።

ላስቲኩ በካሜራው መስኮት ቢያይ ሁሉም ነጭ ነው። ሌንሱ ላብ ይዞታል። በጨርቅ ጠረገው፤ ተመልሶ ነጣ። ጠረገው፤ ነጣ። ቀልቡ ተገፈፈ። "አንዴ ቆዩኝ! አትልቀቁ! እንደተቃቀፋችሁ!" እያለ ይጮሃል፤ ማን ሰምቶት! ላቡ በራሱ ጊዜ ደርቆ መስታወቱ እስኪጠራ ድረስ ሁለቱ አዛውንት ተላቀው ተቀምጠው ነበር።

"እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ እንድገመው" አለ።

"ምኑን ነው የምንደግመው?" አሉ አክስትየው።

"መገናኘታችሁን። አባዬ ወደ መኪናው ይመለስ፤ እርስዎ በሩ ላይ ይቁሙ፤ ይምጣና ትቃቀፋላችሁ።"

አክስትየው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "የልጅ ነገር! እውነት ነው የምትለው?"

"እሺ በዪው፣ እትዬ" አሉ አባትየው። "ለዚህች ቀን ስንት ዘመን ሲዘጋጅ ነው የኖረው።" ተነስተውም የምራታቸውን ክንድ ይዘው ወደ መኪናው ተመለሱ።

ላስቲኩ ተንበረከከ። መስታወቱ ጥርት ብሏል። ብርሃኑ ግሩም ነው። ሚስቱን "ከፎቶው ውጪልኝ" ብሎ አባረራት። ወደ አክስቱ ዞሮም "አክስቴ፣ አደራ፣ እንዳይናገሩ፤ አፍ ሲከፈት ፊት ይበላሻል" አለ። አክስትየው አፋቸውን ገጠሙ። ግቢው ጸጥ አለ።

"ና፣ አባዬ!"

አባትየው መጡ። እጃቸውን ዘርግተው፣ ፈገግ ብለው፣ በቀስታ። ላስቲኩ አዝራሩን ተጭኖ ያዘው፤ ካሜራው ታታታ አለ። አባትየው ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ወደ ግራ አዘነበሉ፣ በዝምታ የቆሙትን እህታቸውን አልፈው ሄዱና ገመዱ ላይ የተሰጣውን ቀሚስ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እትዬ?" አሉ። ጨርቁን ወደ ላይ ዳበሱት። ፊት የለውም። "እትዬ፣ የት ነሽ?"

"እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ፣ ማሙሽ!" አክስትየው ሮጠው ያዟቸው። ከዚያ ወደ ላስቲኩ ዞሩ። "መቼ ነው ዓይኑ እንዲህ የሆነው? ለምን ቶሎ አላመጣኸውም?"

ላስቲኩ አፉን ከፈተ። "አቧራው... ሌንሱ አልታሸገም ነበር..." አለ።

"አትቆጪው" አሉ አባትየው፣ የእህታቸውን እጅ አጥብቀው እንደያዙ። "ካሜራው አቧራ አይወድም። ይልቅ፣ ልጄ፣ ፎቶው ወጣ?"

"ወጣ፣ አባዬ" አለ። "ጥርት ብሏል።"

"ጎሽ። እንግዲህ እኔ ብትሰቅለውም አላየው። አንተ ንገረኝ፤ እህቴ ምን ትመስላለች?"

ላስቲኩ የካሜራውን ማሳያ ተመለከተ። ቀሚሱ አለ፣ የአባቱ እጆች አሉ፣ የያንዳንዷ ጣት መስመር ይቆጠራል። አክስቱ የሉበትም። ቀና ብሎ ሊያያቸው ሲል የቆላው ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይታሰብ ዱብ ዱብ አለ፤ ወዲያው ወረደ። የላስቲኩ እጅ በራሱ ጊዜ ካሜራውን ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠው፤ እግሩም በራሱ ጊዜ ጣሪያው ሥር አስገባው። አባትየው ግቢው መሃል መልስ እየጠበቁ ቀሩ፤ ዝናቡ በመነጽራቸው ላይ ይወርዳል።

ሚስትየው ሄዳ በሌላው ጎናቸው ቆመችና ክንዳቸውን ያዘች። "እኔ ልንገርዎት፣ አባባ" አለች። "ግንባራቸው የእርስዎ ነው። ሲስቁ ግራ ጉንጫቸው ስርጉድ ይላል..."

ሦስቱም እስከ አጥንታቸው ረጠቡ። ካሜራውን፣ ተመስገን ነው፣ አንዲት ጠብታ አልነካችውም።