የአስካለማርያም ባለ ሁለት ቀዳዳ ሳጥን

ድሬዳዋ ውስጥ አስካለማርያምን የማያውቅ ሰው ቢኖር ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ፎቶ ቤቷ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ሙሽራውን፣ ክርስትና የተነሳውን ሕፃን፣ ከመጋላ ሰፈር የሚመጡትን ሽማግሌዎች ሁሉ ያነሳችው እሷ ናት። ካሜራዋን ግን ለማንም አትሰጥም። ብዙ ግትር ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ያለ ግን አላየሁም። በገዛ ሰርጓ እንኳ ቬሏን ወደ ኋላ ጥላ ያነሳችው ራሷ ነበረች። ስለዚህ ከባሏ ከጉግሳ ጋር የተነሳችው አንድም ፎቶ አልነበራትም።

ጉግሳ የምድር ባቡር መካኒክ ነው፤ ዝምተኛ። "አንድ ቀን አብረን እንነሳለን" ይላታል። "አንድ ቀን" ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ስድስት ዓመት አለፈ።

በ1982 መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጣው ሃሺ አንድ ሳጥን ይዞላት መጣ።

"አቦ አስካል፣ ይቺን ከካሜራሽ ጋር አገናኝተሽ ራቅ ብለሽ ቁጭ ትያለሽ። ቁልፏን ስትጫኚ ካሜራው ራሱ ያነሳሻል፣ ወላሂ!"

ሳጥኑ ጎን ለጎን ሁለት እኩል ቀዳዳ ነበረው። አንዱ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው፤ ሌላው ትእዛዙን ወደ ካሜራው የሚያደርሰው ገመድ የሚሰካበት። መመሪያው በጃፓን ፊደል ስለሆነ ለሁለቱም አልረባቸውም። "ኤሌክትሪኩን በሌላው ቀዳዳ ከሰካሽ ግን አበቃላት" ብሎ ሃሺ አስጠነቀቃት። እሷም የኤሌክትሪኩን ቀዳዳ ዙሪያውን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው። ሞከረችው፤ ሠራ። ደስታዋን ብታዩ! ጉግሳ ለፋሲካ አዲስ ሱፍ ሲለብስ አብረው ሊነሱ ተስማሙ። ሱፉን የምሰፋው እኔ ነበርኩ።

ፋሲካ ሳይደርስ ቀበሌው ጉግሳን ለዘመቻ ጠራው። መጀመሪያ ሁርሶ ለሥልጠና፣ ከዚያ ወደ ሰሜን። መኪናው የሚነሳው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። አምስት ተኩል ላይ ቁልፍ ያልተተከለለትን ኮት አለበስኩትና ፎቶ ቤቷ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አስካለማርያም ሳጥኑን ይዛ ገመዱን ልትሰካ ወደ ጨለማ ክፍሏ ሮጠች፤ የቤቱ ብቸኛ ሶኬት ያለው እዚያ ነው።

ውስጥ ደግሞ የዘማቾቹ ጉርድ ፎቶ ገና መድኃኒቱ ውስጥ ተነክሯል። ነጩን መብራት ብታበራ ሁሉም ይጠቁራል። ስለዚህ በቀዩ አምፖል ብርሃን ሰካች። በቀይ መብራት ደግሞ ቀይ ቀለም አይታይም። ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ቀዳዳውን ተሳሳተች፤ የቃጠሎው ሽታ እኔ ድረስ መጣ።

የሚጨስ ሳጥን ይዛ ወጣች።

"አቃጠልኩት" አለች።

"እኔ ልጫንላችሁ፤ የአንድ ጣት ሥራ ነው" አልኳት።

"አንተ ልብስህን ስፋ፣ ወልዴ!" ጮኸችብኝ። ወደ ባሏ ዞረች። "አሠራዋለሁ ጉግሳ። ስትመለስ አብረን እንነሳለን።"

"እሺ አስካል" አለ።

ብቻውን አነሳችው። ወዲያው መኪናው ክላክስ አደረገ።

እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብትሰድበኝም ገፍትሬያት መጫን ነበረብኝ።

በ1983 ግንቦት ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩም በየባቡሩ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። አስካለማርያም ሱቋን ዘግታ ጣቢያው በር ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። ከሳች፤ ጠቆረች። ጉግሳን አየሁት የሚል ግን አልተገኘም። ሞቷል ያላትም የለም፤ ስለዚህ ማልቀሱን እንኳ የት ትጀምረው?

ያቺን ፎቶ አሳድጋ ግድግዳው ላይ ሰቅላታለች። ደንበኞች አይተው ይስቁባታል፦ "አንቺ ባለሙያ አይደለሽ እንዴ? ሰውየውን ለምን ዳር ላይ አስቀመጥሽው? ግማሹ አግዳሚ ባዶ ነው እኮ!"

"ቦታ ይዞልኝ ነው" ትላቸዋለች።