ፍሪጅ ውስጥ የቀረችው ጠርሙስ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት አፊፋ ከእናቷ ጡት ጋር ሳትጠባው አልቀረችም። ክሪስታል በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ፣ በአንድ ኮሪደር ስንኖር ስድስት ዓመታችን ነው፤ እስከ ዛሬ እንቁላል ስሰጣት እንኳ ወደ መብራት ከፍ አድርጋ ሳታይ ተቀብላኝ አታውቅም።

አልፈርድባትም። ደሴ እያለች አሥራ አንድ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ሠርታለች፤ አስመስለው የሠሩትን መድኃኒት ከማሸጊያው ቀለም ትለይ ነበር። እዚህ ዲፕሎማዋን የሚያይላት ጠፍቶ ዌስት ሴንት ፖል በሚባለው ከተማ አንድ ማሠልጠኛ ቤት ጠርሙስ አጣቢ ሆነች። ቤቱ ሐኪሞች ሆሚዮፓቲ የሚባለውን መድኃኒት አሠራር የሚማሩበት ነው፤ ጠርሙሱን አጥባ፣ ሞልታ፣ ቀኑን ጽፋ በትሪ የምታቀርብላቸው እሷ ናት። ሐኪሞቹ «እናት» ከሚሉት የቅጠል ጭማቂ አንድ ጠብታ ወስደው በዘጠና ዘጠኝ ጠብታ አልኮልና ውሃ ያቀጥኑታል፤ ጠርሙሱን በቆዳ የተለበጠ ትራስ ላይ አሥር ጊዜ ይመቱታል። ከቀጠነው ደግሞ አንድ ጠብታ ወስደው እንደገና ያቀጥናሉ፣ እስከ ሠላሳ ጊዜ። ሲቀጥን ይበረታል ይላሉ።

«ቱባ፣ ሲቀጥን የሚበረታ ወጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች።

ባሏ ተማም ግን የአልኮሉን ነገር አያውቅም። ተማም መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ በር ላይ መኪናውን እንኳ አያቆምም። «ጠርሙስ አጥባለሁ» ብላዋለች፤ ምን እንደሚሞላበት እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አልነገረችው።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ትምህርቱ አልቆ ስታጸዳ ፍሪጁን ብትከፍት የ«እናት» ጠርሙስ እንደታሸገች ተቀምጣለች። ጠርሙሱ ሁሉ ቡናማ ነው፤ ትሪው ላይ ያቀረበችላቸው ለካ አልኮልና ውሃ ብቻ ኖሯል። ስምንት ሐኪም ቀኑን ሙሉ አልኮልን በአልኮል ሲያቀጥን ዋለ፣ አንድም አላወቀ። ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራው ዶክተር ሙሊሳማ «የዛሬው ስትሮንግ ሆኖ ወጣልኝ» ብሎ የራሱን ጠርሙስ ኪሱ ከትቶ ሄደ፤ «ለልምምድ ብቻ» የሚል ተጽፎበት እያለ። አፊፋ እንዳያባርሯት ፈርታ ዝም አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቺን የዶክተሩን ጠርሙስ በተማም መኪና ውስጥ አገኘቻት። ቀኑን የጻፈችው በራሷ እጅ ነው። ተማም ታማሚ ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ሹፌር ስለሆነ ከዶክተሩ ጋር በየቀኑ ይገናኛል።

«ዶክተር ሙሊሳ ነው የሰጠኝ። ወላሂ፣ ራስ ምታት የሚባል ጠፋ» አላት።

«የደም ግፊት ኪኒንህስ?»

«ስቶፕ አደረግኩት። ካላመመኝ ለምን እውጣለሁ?»

«እሱ አቁም አለህ?»

«እሱ አላለኝም። ራሴ ነኝ።»

ግፊቱን ለካችው፤ መቶ ሰማንያ ስምንት። አባቱን አንድ ጎናቸውን ያሳጣቸው ይኸው በሽታ ነው። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ኪኒኑን ከምሳው ጋር አስቀመጠችለት፤ ሳይነካው መለሰው። «አንቺ ደግሞ ማንን አምነሽ ታውቂያለሽ?» እያለ ሳቀባት። እውነቱን ብትነግረው ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ አምስት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች።

በስድስተኛው ቀን ጠብታውን ብርጭቆ ውሃ ላይ ሲያንጠባጥብ ክንዱን ያዘችው።

«ተማም፣ አልኮል ነው። ከአልኮልና ከውሃ በቀር ምንም የለበትም። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን ረስቼው ፍሪጅ ውስጥ ቀርቷል።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሄዶ አፉን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ተመልሶ ሲመጣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«አምስት።»

«ሥራሽ ላይስ አልኮል ስትነኪ?»

«ሁለት ዓመት።»

በማግስቱ አፊፋ ሐኪሞቹን ለምታስተምረው ሴትም ሁሉንም ነገረቻት፤ ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ ተባለች። ዶክተር ሙሊሳ ደግሞ የተማምን ስልክ ማንሳት ተወ።

ተማም ኪኒኑን ጀመረ፤ ግፊቱም ወረደ። ባለፈው ሳምንት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተገናኝተን «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ፣ ተረፈልሽ እኮ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል» አለች። «ኪኒኑን ግን ከእጄ አይቀበልም፤ ራሱ ነው ከፋርማሲ የሚያመጣው። ምግብ ሳቀርብለትም ውስጡ ምን አለ ብሎ ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ቱባ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጎርሰው።»

ይህን ብላ የያዘችውን ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።