የፋጡማ ምንቸት አብሽ በሰው ስም

«የተጻፈ ነገር አለዎት አባባ?» አለኝ ዛሬ እዚህ ሐይቅ ከተማ ያለ የአንድ ምግብ ቤት ሼፍ።

ያቀረበልኝ ምንቸት አብሽ ስልባቦት ገብቶበታል። ገና ስጎርሰው የባለቤቴ የፋጡማ እጅ መሆኑን አወቅሁ፤ አላህ ይዘንላት። እሱ ግን «የራሴ ፈጠራ ነው» ይላል። (ይጣፍጣል ደግሞ፤ እሱ ነው የሚያናድደው።)

«አንተ! ከወተት ላይ ስልባቦት መግፈፍን እኛ ቤት ስትላላክ አጠገቧ ቆመህ አይደል የተማርከው?» ስለው የጽሑፍ ማስረጃ ጠየቀኝ። እኔን፣ ፊደል ያልቆጠርኩትን!

ቤት ገብቼ ይሄን የምትጽፍልኝን የልጅ ልጄን «የፋጡማን አሠራር ጻፊ» አልኳት።

«እሺ አባባ። ስልባቦቱ የሚገባው ከአብሹ በፊት ነው በኋላ?»

አላውቅም። አርባ ዓመት በላሁ፣ በእንግዳ ፊት ኮራሁባት፣ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። የሚያውቀው ያ ሌባ ብቻ ነው።

እናንተስ የማን እጅ በሰው ስም ሲቀርብ አያችሁ? እናታችሁ ካለች ግን መጀመሪያ እሷን ጠይቁና ኑ።