በመርከቧ የኋላ ወንበር ላይ

ትናንት ሶፋ የሚያድሰው ሰውዬ ሳሎን ውስጥ የማስቲሹን ቆርቆሮ ሲከፍት መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልሽኝ። ሽታው ነው። ያ ሽታ ሁልጊዜ መካነ ሰላም፣ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ወደነበረች አሮጌ አውቶቡስ ሆድ ውስጥ ይመልሰኛል። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ሹፌር ነበር። አውቶቡሷን ባለቤቷ የነበረው ነጋዴ ተስፋ ቆርጦባት ነው የተወለት። ሞተሯ ደህና ነበር፤ ውስጧ ግን አልቆለታል። በጣሪያዋ ዝናብ ይገባል፣ ወለሏ በስብሷል፣ ዶሮዎች በወንበሮቹ መሃል እንቁላል ይጥሉባታል። ስትሄድ ግራና ቀኝ ስለምትወዛወዝ የከተማው ሰው «መርከቧ» ይላት ነበር። እንዲያ ከሚሏት ውስጥ መርከብ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያ ክረምት ቤተሰቡ በሙሉ ውስጧን ማደስ ጀመርን። አባቴ የበሰበሰውን ወለል እየነቀለ የጥድ ጣውላ ይመታል። ታላቅ ወንድሜ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፤ ቀዩ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። እናቴ የወንበሮቹን ሆድ ከፍታ ጭድና አሮጌ ጨርቅ ትጠቀጥቃለች። እኔ ማስቲሽ እቀባለሁ። የወንበሮቹን ልብስ የሚሰፋልን ከአጥራችን ማዶ የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነበር። ከአባቴ ጋር የልብ ወዳጆች ናቸው፤ ኢድን እነሱ ቤት፣ ፋሲካን እኛ ቤት እየተጠራራን ነው ያደግነው። የእሱ ልጅና ወንድሜ እኩያ ናቸው፤ የሚማሩትም አንድ ክፍል ነው።

ዝናቡ ላሜራው ላይ ሲወርድ ለመደማመጥ መጮህ ያስፈልግ ነበር፤ ግን የሚጮህ አልነበረም። ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይታፈሳል። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ሊሞላው ነው። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ብሩሹ ጸጥ ይላል፤ የእናቴ እጅ ጭዱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። አባቴማ አንድ ሥራ ይዞ አይጨርስም። መዶሻውን አስቀምጦ ወደ በሩ ይሄዳል፣ መንገዱን ያያል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ መዶሻውን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። አዲሱ ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ተራመደ፣ ወንበሮቹን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«አምሮባታል» አለው አባቴን። «ስታልቅ ምልምሎቹን ደሴ የምታደርስልን አንተ ነህ።»

አባቴ «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚያዘገየው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ባሰበት፤ ፈጠነ። የኋላውን ረጅም ወንበር ነቀለና ከሥሩ የሚገባ ሣጥን ሠራ። ወንድሜን «እስቲ ጋደም በል» አለውና ከትከሻው እስከ ተረከዙ በስንዝር ለካው። እናቴ ጭዱን ትታ ወጣች። ነገሩ ለእኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ልብስ ሰፊው የዚያን ወንበር ልብስ እስከ ወለሉ ድረስ እንዲያስረዝመው ሲነገረው ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ሁለት ወንበር ሲቀረን የልብስ ሰፊው ልጅ ከገበያ ሲመለስ ተያዘ። በማግስቱ ልብስ ሰፊው የሁለቱን ወንበሮች ልብስ ሰፍቶ፣ በክንዱ ላይ ጥሎ መጣ። ራሱ አለበሳቸው፣ ጠርዙን በጣቱ አስተካከለ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎን ሄደ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልቀመሰችም።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ወንድሜ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። እኔ ደሴ አክስቴ ዘንድ እንደምሄድ ተደርጎ ከላዩ ተቀመጥኩ። እናቴ የጫማዬን ክር እያሰረችልኝ «እንዳትቁነጠነጪ» አለችኝ። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ለማያውቅ ልጅ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ የለም።

ምልምሎቹን ከቀበሌው ደጅ ጫንን። ሁለት ጠባቂዎች ከፊት ተቀመጡ። የልብስ ሰፊው ልጅ በወንበሮቹ መሃል እያለፈ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኪሱ ቆሎ ዘገነልኝ። መርከቧ በጭቃው ላይ ስትወዛወዝ ከሥሬ የወንድሜ ትከሻ ከጣውላው ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል፤ በተሰማኝ ቁጥር እግሬን እንዳላወራጭ ጉልበቴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። አሁንም መኪና ላይ ስቀመጥ ጉልበቴን እንደምይዝ አይተሻል።

አቀስታ ኬላው ጋ ቆምን። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። አንድ ወታደር ወጥቶ እያንዳንዱን ወንበር እያየ ወደ ኋላ መጣ። ሦስት ወንበር ያህል ሲቀረው ከሥሬ ሳል ተሰማ። የታፈነ ነው፤ ግን ሳል ነው።

ወዲያው የልብስ ሰፊው ልጅ መሳል ጀመረ። ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ፣ እንባው እስኪወርድ ሳለ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለው ወታደሩ።

«ብርድ ነው ጌታዬ። ደረቴን ይዞኛል።»

ወታደሩ አየት አድርጎት ተመልሶ ወረደ። ልጁ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። ዝቅ ባለ ድምፅ «አብሽሪ» ብቻ አለኝ።

ደሴ ስንደርስ ምልምሎቹ ተራ በተራ ወረዱ። እሱ ከመውረዱ በፊት ሣጥኑን በተረከዙ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ ነካው። ከዚያ «ለእናቴ ደህና ነው በያት» ብሎኝ ሄደ። ወንድሜ ከሣጥኑ ሲወጣ እግሩ አልቆም ብሎት ለረጅም ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ዘንድ ጥቂት ቀን ሰነበተና ሰው ወደማያውቀው አገር ሄደ።

አባቴና እኔ ስንመለስ ቤት አልገባንም፤ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድን። አባቴ ሁሉንም ነገረው። ሳሉን እኔ ነገርኩት። ለቀበሌው አንዲት ቃል ቢተነፍስ አባቴ አይተርፍም ነበር። እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ሳያነሳ አዳመጠን።

«ሣጥኑ ለሁለት አይበቃም ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አይበቃም ነበር» አለ አባቴ።

ራሱን ነቀነቀና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ልጁ አልተመለሰም። ደብዳቤም፣ አየሁት የሚል ሰውም አልመጣም። ልብስ ሰፊውና ሚስቱ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩንም። እኛ ግን ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ውስጥ ድምፃችንን ከፍ አድርገን መሳቅ ተውን።

ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ ወንድሜ ጢም አብቅሎ፣ ቦርሳ ይዞ በበሩ ገባ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ወደ አጥሩ አየችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረችው። ሁላችንም ባለንበት ቆምን።

እልልታው የተሰማው ከአጥሩ ማዶ ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረ፤ አቋረጠችና እንደገና ጀመረች። ወንድሜ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እናቴን ሳይስም ወደ አጥሩ ሄደ።