የእናቴ አፍንጫ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ኮክ በሳፋ በምትሸጥ ሴት አጠገብ ሳልፍ፣ ከሥር የተጫነው አንዱ ፈንድቶ ኖሮ፣ ጣፋጭም ቆምጠጥ ያለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቆምኩ። የልጅነቴ ጓሮ ሽታ ነበር።

አንኮበር፣ ቁልቁለቱ ላይ ባለው ቤታችን ጓሮ አንድ የኮክ ዛፍ ነበረን። እናቴ የተከለችው እኔን በወለደች ዓመት ስለነበር፣ በጋ ሲሆን "እህትሽን ውሃ አጠጫት" ትለኝ ነበር። የእናቴ አፍንጫ ደግሞ ጉድ ነበር። ኮኩን ሳትሰነጥቀው አንዴ ታሸትና፣ ከጣፋጩ ሥር በምትመጣ ትንሽ ቆምጣጣ ሽታ ትል ያለበትን ከሌለበት ትለይ ነበር። እኔም እሞክር ነበር፤ ግን ሁሉም ያው ኮክ ኮክ ይሸተኛል። "ያንቺ አፍንጫ ለመተንፈሻ ብቻ ነው የተሰጠሽ" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ በዛፉ ተስፋ ቆረጠ። ሦስት ክረምት በተከታታይ ትል ጨርሶት ነበርና፣ ዘንድሮም ከተበላ ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል አለ። አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር። እናቴ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

እኔም ጨንቆኝ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። ትሉ የሚመጣው ዝንብ ፍሬው ላይ ከምትጥለው እንቁላል መሆኑን፣ ዝንቧም ፍሬውን የምታገኘው ሽታውን ተከትላ መሆኑን፣ ወድቆ የሚበሰብሰው ደግሞ ሽታው ከሩቅ እንደሚጠራት ነገሩኝ። በወደቀው ውስጥ ያሉት ትሎች አፈር ገብተው ዝንብ ሆነው ይወጣሉ፤ ስለዚህ የወደቀውን በየቀኑ ለቅማችሁ በጥልቁ ቅበሩት አሉኝ።

ይህን ለእናቴ መንገር ቀላል አልነበረም። በእኛ ቤት የወደቀ ኮክ አይነሳም። የዛፉ ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ መንገድ ላይ ስለሚያራግፍ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ደህና ደህናውን ያነሳና እናቴን መርቆ ያልፋል።

"የወደቀው የመንገደኛ ነው። የሰው ድርሻ አልቀብርም" አለችኝ።

ዛፏን እያስበላባት ያለው ደግነቷ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት? አቃተኝና አለቀስኩ። "እህቴን ሊቆርጣት ነው እኮ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ እናቴ ጎንበስ ብላ የወደቀውን በቅርጫት ትለቅማለች። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ። ከዚያ ከቅርንጫፉ እየቀጠፈች፣ አንድ በአንድ እያሸተተች፣ ጤነኛውን አጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ደረደረችው። ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ አደረገች። ያን ዓመት መንገደኛው ከእኛ የተሻለ ኮክ በላ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ መጥረቢያውን ይዞ ጓሮ ገባ። እናቴ አንድ ኮክ ሰንጥቃ ሰጠችው። ሌላም ሰነጠቀች፣ ሌላም። ሦስቱንም አገላብጦ አየ፣ ሦስቱንም በላ። ከዚያ መጀመሪያውንም ለማገዶ እንደመጣ ሰው፣ ወደ ግንዱ ክምር ሄዶ እንጨት ይፈልጥ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ከዚያች የገበያ ኮክ ሻጭ አንድ ኪሎ ገዝቼ ቤት ገባሁ። እናቴ አባቴ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። አምና ክፉኛ ከታመመች በኋላ ሽታ የሚባል ነገር ጠፍቶባታል፤ ወጥ ቢያርም አታውቅም። እንደ ልማዷ አንዱን ኮክ አንስታ አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው፤ ቆየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"እስቲ አንቺ አሽቺልኝ።"

አሸተትኩት። ከጣፋጩ ሥር ያቺ ትንሽ ቆምጣጣ ሽታ ነበረች፤ በልጅነቴ ካልተሰነጠቀ ኮክ ላይ አንድም ቀን ያላገኘኋት። ኮኩን ለብቻ አስቀመጥኩት።

እናቴ ሁለተኛውን አቀበለችኝ።