ዳልቻን መልሶ ያስሮጣት ወንድሜ

የሚያለከልክ ውሻ በሰማሁ ቁጥር የነሐሴ ጭቃ፣ የእርጥብ ጠጉር ሽታና የወንድሜ የታከለ የጸሎት ማጉተምተም አብረው ይመጡብኛል። ከመሞቱ በፊት ያለው ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር፤ የተለየ ነገር ልፈልግበት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አላገኘሁም። ዳልቻን በገመድ ይዞ ከበረታችን እስከ ዳገቱ ጫፍ ወጣ፣ እኔም ከኋላው ተከተልኩ፣ ስንመለስ እግሩን በሣር እየጠረገ «ዛሬ ትንፋሿ ቶሎ ተመለሰ፣ አየህ?» አለኝ። አላየሁም ነበር፤ አይቻለሁ አልኩት።

ዳልቻ የቤታችን ውሻ ነበረች፤ አመድማ፣ ቀጭን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን እስቴ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ስለነበር፣ ገብሱ ማሸት ሲጀምር ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ይወርድበት ነበር፤ እሷም ከንጋት እስከ ምሽት እየሮጠች ትመልሰው ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲገባ ቡችሎቿ ሆዷ ውስጥ ሞቱ። ሦስት ቀን ምግብ እምቢ ብላ ተኛች። አባቴ ታከለን «ተዋት፣ ልጄ፣ ውሻ ናት» አለው። ታከለ ግን ከብት የሚከትብ ሐኪም መካነ ኢየሱስ መምጣቱን ሰምቶ ስለነበር፣ በደበሎ ጠቅልሎ ተሸከማትና እኔን አስከትሎ ተነሣ። ውሻ መሸከም በእኛ ዘንድ ያስነውራል፤ ያገኘን ገበያተኛ ሁሉ ይስቅ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ደበሎውን ገለጥ አድርጎ «አንተ! ጠቦት መስሎኝ ዋጋ ልጠይቅህ ነበር እኮ!» አለው። ታከለም «ይቺስ አትሸጥም፣ አባቴ» ብሎ፣ አንገቱን ሳይደፋ አለፈ።

ሐኪሙ በመርፌ አስተኝቷት ሆዷን ከፈተ፣ ማሕፀኗን ከነሞቱት ቡችሎች አውጥቶ ሰፋት።

«ከእንግዲህ አትወልድም፣ ግን ትኖራለች። አርባ ቀን ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም። ቁስሉ ሲደርቅ በገመድ ይዘህ አምስት ደቂቃ አራምዳት፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ጨምርላት።»

«ሰዓት የለንም፣ ጌታዬ» አለ ታከለ።

ሐኪሙ ሳቀ። ታከለ ግን አልሳቀም፤ «እስቲ የእርስዎን ይመልከቱልኝ» ብሎ እዚያው እንደ ቆመ አቡነ ዘበሰማያት ይደግም ጀመር፣ አምስት ደቂቃው ሞልቶ ሐኪሙ እጁን ሲያነሣ አሥር ጊዜ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ መሳቁን ትቶ ትኩር ብሎ አየው። ያን አስተያየት አልረሳውም። የማን ወንድም እንደሆንኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌን በሙሉ ዳልቻ ታስራ ዋለች። ገመዱን ትበላ ነበር፣ ታለቅስ ነበር፤ ታከለ ከጋቢው ጠርዝ ቀዶ ሆዷን ጠመጠመላት፣ የድንጋይ አጥሩን እንዳትዘል ተሸክሞ እያሻገራት አሥር አቡነ ዘበሰማያት ያህል ያራምዳት ነበር። ወሬው ፊደል ያስቆጥሩኝ ከነበሩት ከየኔታ ጆሮ ደረሰ።

«ታከለ፣ ለውሻ ጸሎት ታደርሳለህ አሉኝ?»

«ለእሷ አይደለም፣ የኔታ፣ ለደቂቃው ነው።»

«ደቂቃ ደግሞ ማን የምትባል ናት?» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ታከለ ለአረም ደቦ ሄዶ ዳልቻን ለእኔ ተወልኝ። «ሃያ ጊዜ ደግመህ ተመለስ» አለኝ። እኔ ግን ጀማሪ ነበርኩና ጸሎቱን የማውቀው የኔታ እንዳስተማሩን፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጎተትኩ በዜማ ብቻ ነበር። አንድም ሳላጎድል፣ አንድም ሳላፈጥን ሃያውን ስጨርስ ዳገቱን አልፈን ከሩቁ መስክ ደርሰን ነበር። ደስ ብሎኝ ስመለስ የስፌቱ ጫፍ ተከፍቶ ደም ይወርዳት ነበር።

አባቴ አለንጋ አነሣ። «በቃ! እሸት እስኪደርስ ካልሮጠች አባርሬ ሌላ አመጣለሁ፤ ለሁለት ውሻ የሚሆን እህል የለኝም!»

ታከለ መሀል ገባ። «አባባ፣ እሱን አይምቱት። በየትኛው ንባብ እንደሚደግም ያልነገርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ እኔን ከፊቱ አቁሞ አስደገመኝና «በዚህ አያያዝህ ደብረ ታቦር ትገቡ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔ የተጎተተውን ስል እሱ በልቡ የራሱን እየቆጠረ ቆየና «ለአንተ አራት ይበቃሃል» አለኝ። አፍጥነህ በል አላለኝም። ቁስሉ እንደገና እስኪደርቅ ጠብቆ፣ አርባውን ቀን ከአንድ ጀመረ።

ነሐሴ ሲገባ ዳገቱን ያስወጣት፣ ቁልቁለቱን ግን ቀስ አድርጎ ያወርዳት ነበር፤ በየጠዋቱ መዳፉን በጠባሳው ላይ አድርጎ ትኩሳቱን ይለካ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር። ዝንጀሮ ከገደሉ ሲጮህ ገመዱን ስትስበው በሁለት እጁ እየያዘ «ትንሽ ቀረሽ፣ እመቤት» ይላት ነበር።

ሦስት ቀን ሲቀራት... ከላይ የጣለ ዝናብ ወንዙን ሞላው። ታከለ ከገበያ የምትመለስ አንዲት አሮጊት በጀርባው አሻግሮ፣ አህያዋን ሊያመጣ ተመልሶ ገባ። ደራሽ ውኃ ወሰደው። ከመምሸቱ በፊት ከታች አገኙት። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሰዓት አስሬ እሄዳለሁ። ሰዓቴ ለሁሉም እኩል ይቆጥራል፤ ታከለ ግን ለራሱ አሥር፣ ለእኔ አራት ይቆጥር ነበር። ዳልቻ በመስከረም ሮጠች፣ የዚያ ዓመት ገብሳችንም ጎተራ ገባ። ሰው ሲጠይቀኝ ይህ የወንድሜ ሥራ ነው እላለሁ።

ታከለ በሞተ ማግስት ጠዋት ግቢያችን በለቅሶተኛ ሞልቶ፣ ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሄደው ነበር። ገመዱን ይዤ ስነሣ አክስቴ «የሟች ወንድም ከለቅሶ ይወጣል? ሰው ምን ይላል!» አለችኝ። ዳልቻን አቅፌ አጥሩን ለማሻገር ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አሻገርኳት፣ እንባዬን እየዋጥኩ ጸሎቱን እየደገምኩ ዳገቱን ወጣን። ዝንጀሮዎቹ ጮኹ። ዳልቻ ተወረወረች፣ ገመዱ መዳፌን ላጠው። ልልቀቃት ብዬ ነበር፤ ለማን ብዬ ነው የምይዛት ብዬ ነበር። ግን ያዝኳት።

ከኋላዬ አባቴ መጣ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከዳልቻ ሆድ ላይ አሳረፈ።

«ስንት ቀን ቀራት?»

«ሁለት፣ አባባ።»

«እንግዲያ አትልቀቃት» አለኝ፣ የገመዱንም ጫፍ ከእኔ ጋር ያዘና፣ እንዳትሮጥ እየጠበቅናት፣ ቀስ ብለን ወደ ቀብሩ ወረድን።