አንድ ሰው አስወጡ

ነቀምቴ ላይ ከባጃጅ አውርደው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ላይ በኖራ «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ይገኛል፤ ጥርስ ያለው ይቆረጥመው ነበር።

የያዙኝ ለሰፈሬ ወጣቶች ባባዛሁት ጽሑፍ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ስለ ዴሞክራሲ አመጣጥ ጽፌ ነበር።

ውሃ ከከለከሉን ወዲህ የሁላችንም ከንፈር ተሰነጣጥቋል። አንድ ረፋድ ከመካከላችን አንዱ «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። የጥበቃ አለቃው በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው የእኔን ወረቀት ይዞ ገባ።

«መምህሩ የታለ? ያሰመርኩበትን አንብብልን።»

አነበብኩ። «በጥንቷ አቴና ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንድን ሰው ከከተማው ያስወጣ ነበር።»

«ጎበዝ! እናንተም አንድ ሰው አስወጡ። ማን እንደጮኸ አልጠይቅም፤ ዴሞክራሲ ነው። የመረጣችሁት ይወጣል፣ ውሃው ይገባል።» ዙሪያውን ቃኘ። «ስንቅ የማይመጣለት ማን ነው?»

ሁላችንም እናውቃለን። ከጊዳ አያና የመጣው ገበሬ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ ቤቱ የተቃጠለ፣ ጠያቂ የሌለው። የጮኸው እሱ አልነበረም፤ አጠገቤ ተኝቶ ነበር።

እጆች ቀስ እያሉ ወጡ። ዓይን ለዓይን የተያየ የለም። እኔ እጄን ጉልበቴ ስር አድርጌ ተቀመጥኩ። ከዲጋ የመጡ አንድ ሽማግሌም አላነሱም።

«አንተ ጃርሳ፣ ውሃ አልጠማህም?» አላቸው አለቃው።

«ያ ኢልማ ኮ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ እኛ ኦዳው ዛፍ ጥላ ስር ለጉባኤ ስንቀመጥ ያልተሰማ ሰው አይፈረድበትም። እሱን ማን ጠየቀው?»

በጥፊ መታቸው። ባርኔጣቸው ወደቀ።

ገበሬው ተነስቶ ባርኔጣውን አራግፎ ሰጣቸው። ከዚያ እጁን አነሳ።

አለቃው ሳቀ። «ራስህን መረጥክ?»

«የለም፣ ጌታው። እቃወማለሁ። እኔም እዚህ ቤት ነኝ፤ ድምፄ ይቆጠር።»

«ተቆጥሯል» አለና በአንገትጌው ጎተተው።

«አብሽሩ» አለን ገበሬው ሲወጣ።

ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ አንበረከኩት። ዱላው ሲያርፍ እንሰማለን፤ እሱን ግን አልሰማነውም። ውሃውን በአንድ ኩባያ ተራ በተራ ጠጣን። እኔም ጠጣሁ። መጨረሻ ላይ ተራው የሽማግሌው ነበር። ኩባያውን ሞልተው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። «ካን ኢሳቲ። የሱ ነው።» ጀሪካኑ አልቆ እንኳ ያንን ኩባያ የነካ አልነበረም፤ እጃቸውን ያነሱትም አልነኩትም።

ሊመሽ ሲል መለሱት። ጣቶቹ አብጠው መጨበጥ አቅቶት ስለነበር ሽማግሌው ኩባያውን ከከንፈሩ አስጠጉለት። ገበሬው ሳይጠጣ ፊቱን አዞረ።

«ኦቦ፣ እርስዎስ?»

«ጠጥቻለሁ» አሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር።

ከወጣሁ በኋላ ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። የአቴናውን ዓረፍተ ነገር አልሰረዝኩም፤ እውነት ነው። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የሚወጣውም ሰው ድምፅ አለው።» ወጣቶቹ ይህን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘሁት ይጠይቁኛል። በሩ ላይ በኖራ «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ተብሎ ከተጻፈበት ክፍል ነው እላቸዋለሁ።